መሐለቅ ምን ይላል? የሐረርን ገንዘብ እንደ ድርሰት ስለ ማንበብ

ሂስ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ቲያትር ነው። ደራሲ አለ፤ ድርሰት አለ፤ ሐያሲው ደግሞ ይዘቱንና ቅርጹን ለይቶ ይመረምራል። መቼስ ደንቡ ይኸው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ግን ሽፋንም ምዕራፍም የሌለው፣ የደራሲው ስም ሁልጊዜ የማይጻፍበት፣ መዳፍ ውስጥ ሲገባ የሚጠፋ አንድ አጭር ድርሰት ነው። መሐለቅ ይባላል። ሐረር ከተማ በራሷ እጅ እየቀጠቀጠች ታወጣው የነበረ ትንሽ ገንዘብ ነው።

“ገንዘብማ ገንዘብ ነው፤ ምን ሂስ ያሻዋል? ባይሆን ይብዛልን እንጂ!” የሚል ከመካከላችን አይጠፋም። ለተማሪ ኪስ እውነትም እንዲያ ነው። ነገር ግን እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ገንዘብ ከማናቸውም መጽሐፍ ይበልጥ በብዙ እጅ የዞረ ጽሑፍ ነው። ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም ያገላብጠዋል። ገዢ መደብ ስለ ራሱ ሊናገር የሚፈልገውን ይጽፍበታል፤ ሕዝብ ደግሞ በጣቱ እየዳሰሰ ያምነዋል ወይም ይጥለዋል። ይህ ድርሰት ካልሆነ፣ የሕዝቡም ፍርድ ሂስ ካልሆነ፣ ሂስ የሚባለው ነገር ታዲያ ምንድን ነው?

ፊሽና መሐለቅ

ሐሳቡን ያነሳሳን ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ነው። በውጭው ዓለም የቁማር ቤቶችን ታሪክ በፊሾቻቸው የሚከታተሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ፊሽ ስንል ለሻይ ከፍለን ከካሸሯ የምንቀበላትን፣ ለአስተናጋጁ የምናስረክባትን ነገር ማሰብ ይበቃል። ካዚኖ የገባ ሰውም እንደዚያው ነው፤ ጥሬ ገንዘቡን በመስኮት ሰጥቶ ክብ ክብ ፊሽ ይቀበላል፤ የሚጫወተው በሱ ነው፤ የተረፈው ካለ ሲወጣ መልሶ ይመነዝራል። ፊሹ ላይ የቤቱ ስም፣ ከተማውና ዋጋው ተጽፎበታል። ቤቱ ሲዘጋ ፊሹ ከንቱ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ይፈጫል ወይም ይቀበራል። ላስ ቬጋስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተው ዱንስ በ1993፣ በ1952 የተከፈተው ሳንድስ በ1996 በፈንጂ ፈርሰዋል። ሕንጻዎቹ ዛሬ የሉም። በሰው ኪስ ተረስተው የወጡት ፊሾች ግን አሉ። ሰብሳቢው እነሱን ደርድሮ፣ ቀለማቸውንና ጽሕፈታቸውን አመሳክሮ፣ የትኛው ቤት መቼ እንደተከፈተ፣ መቼ ባለቤት እንደለወጠ ይተርካል።

ይህ ለሐረር ምኗ ነው? ሐረር ቁማር በሃይማኖትም በባህልም የተነቀፈባት፣ በእስልምና ትምህርቷ የታወቀች ከተማ ናት። አሚሮቿን ከቁማር ቤት ባለቤት ጋር ልናስተካክል አልተነሳንም። የቸገረን ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ገንዘብ በአንድ ቅጥር ውስጥ ብቻ ዋጋ ኖሮት፣ ከቅጥሩ ውጭ ግን ናስ ብቻ ሲሆን፣ ስለ ቅጥሩ ምን ይነግረናል? ቅጥሩስ ባለቤት ሲለውጥ ያ ገንዘብ ምን ይመሰክራል? ፊሹ የሚያስጠይቀን ይህንን ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ በአገራችን ከሐረር የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ከቅጥሩ ውስጥ

ጀጎልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ያላያችሁትም በሥዕል አይታችሁታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች ነበሩት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከ1647 እስከ 1875 ድረስ በዚህ ቅጥር ውስጥ ራሱን የቻለ የአሚሮች መንግሥት ኖሯል። ከአክሱም ነገሥታት ወዲህ እስከ ምኒልክ ድረስ፣ ዛሬ ኢትዮጵያ በምንለው ምድር የራሷን ገንዘብ በማስመታት የምትታወቀው ከተማም ይህችው ሐረር ናት። በሌላው አገር ሰው በአሞሌ ጨውና በጨርቅ ሲገበያይ፣ እዚህ ጽሑፍ ያለበት ገንዘብ ይዞር ነበር ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ሰንብቷል። በዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መሐለቅ የጻፈው ጥቂት ነው፤ ግን ብዙ ያስነብባል። በከተማው የሚሠራባት ገንዘብ በእጅ የተሠራች ትንሽ የናስ ቁራጭ እንደሆነች፣ በአንድ ፊቷ በሐረር መመታቷ፣ በሌላው 1248 የሚል የሂጅራ ዓመት እንደተጻፈባት ይነግረናል። ሌላ ዓይነት ገንዘብ በከተማው ውስጥ ያዞረ ሰው ከአሚሩ ዘንድ ምሕረት እንደማያገኝም ጽፏል።

እንግዲህ ፊሹን አስታውሱ። ቅጥር አለ፤ በር አለ፤ በበሩ የሚገባ ሰው የቤቱን ገንዘብ ሊይዝ ግድ ነው። እስቲ እንጨት ተሸክሞ ከገጠር የመጣን አንድ ሰው እናስብ። እንጨቱን ይሸጣል፤ የሚያገኘው መሐለቅ ነው። በዚያ መሐለቅ ጨው ወይም ጨርቅ ሊገዛ የሚችለው እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ከከተማው ነጋዴ ነው። ስለዚህ ያቺ የናስ ቁራጭ መገበያያ ብቻ አይደለችም፤ ባለ እንጨቱን ወደ ሱቁ የምትመልስ ገመድም ናት። ካዚኖውም ቢሆን ፊሽ የሚሰጠው ለጨዋታ ማማር ሲል ብቻ አይደለም፤ እጁ ውስጥ ያለው የቤቱ ገንዘብ እስከሆነ ድረስ እንግዳው የቤቱ ሰው ነው።

ልዩነቱም መነገር አለበት። ቁማርተኛው ወዶ ይገባል፤ ባለ እንጨቱ ግን ኑሮ ይዞት ነው የሚገባው። በሌላ በኩል ደግሞ ካዚኖ ምንም አያመርትም፤ ሐረር ግን ጨርቅ የሚሸመንባት፣ መጽሐፍ የሚጻፍባትና የሚደጎስባት፣ ከባሕር ዳርና ከደጋው የሚመጣው ዕቃ የሚገናኝባት የሥራ ከተማ ነበረች። በመሐለቅ የሚገዛ እውነተኛ ነገር ነበረ። ንጽጽር እንደ በቅሎ ነው፤ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚጫነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ሙግት ይነሳል። “መሐለቅ በግንቡ ታጥሮ ከቀረ፣ ስሙ እንዴት ግንቡን ዘለለ?” የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሐረሪ ቋንቋ መሐለቅ ማለት ገንዘብ ማለት ነው። በኦሮምኛ ደግሞ ገንዘብ “ማለቃ” ይባላል። በአማርኛችንም መሐለቅ የትንሽ ገንዘብ ስም ሆኖ በመዝገበ ቃላት ገብቷል። ናሱ የከተማው ሆኖ ሳለ ቃሉ የአገር ምድሩ ሆኗል። ይህን የሚያደርገው አዋጅ አይደለም። አሚሩ ገንዘቡን በበሩ ሊያስቆም ይችላል፤ የሰውን አፍ ግን አያስቆምም። ገዢና ሻጭ በየበሩ ሲገናኙ፣ ዕቃ ሲለዋወጡ፣ ሲከራከሩና ሲስማሙ የቆዩበትን ዘመን ከማንኛውም ሰነድ ይበልጥ ይህች አንድ ቃል ትነግረናለች። ስለዚህ ሐረርን በግንብ የተዘጋች ደሴት አድርጎ የሚተርከውን ሁሉ በጥርጣሬ ብናየው ይሻላል።

ስለ ቅርጹ

አሁን ወደ ጽሑፉ ራሱ እንምጣ። ገንዘብ እጅግ ጠባብ ገጽ ያለው ድርሰት ነው። ቦታ የለውም፤ አንድ ቃል ከተረፈ ሌላው ይወድቃል። የትኛው ቃል እንደተመረጠ ማየት የገዢውን አንደበት መስማት ነው።

የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ገንዘብ ሲያስመቱ መልካቸውንና ስማቸውን ያስቀርጹ ነበር። ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ መስቀል ጨመሩ፤ አንዳንዱ ላይም ገንዘቡ አገሩን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ቃል በግሪክኛ ጻፉ። ይህ የሽንገላ ስልት ነው፤ ንጉሡ በሕዝቡ እጅ ገብቶ “ደስ ይበልህ” ይላል። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ ያስመቱት ብር ደግሞ የጀግንነት ስልት አለው። በአንድ ወገን ዘውድ የደፋ መልካቸው ከነማዕረጉ፣ በሌላው ወገን አንበሳ። ስሙ በግዕዝ ፊደል፣ ሥራው በአውሮፓ መኪና። በአንድ ገጽ ላይ ጥንታዊነትም ዘመናዊነትም እንዲነበብ ተፈልጓል።

በርተን ያያት መሐለቅ ግን ሥዕል የላትም። አንበሳ የላትም፤ ዘውድ የላትም። ያላት ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ስፍራና ዓመት። “የት ተሠራሁ፣ መቼ ተሠራሁ” ብላ ዝም ትላለች። ሥዕል አለመኖሩ ከእስልምናው ዓለም የገንዘብ ልማድ ጋር ይሄዳል፤ በዚያ ልማድ ጽሕፈቱ ራሱ ጌጥም ሥልጣንም ነው። ለኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ይህ ቁጥብነት የራሱ ውበት አለው። ሐረር የቁም ጽሕፈት ከተማ ናት፤ ሰው ሙሉ ዕድሜውን ቁርአን በመገልበጥ የሚያሳልፍባት። እንዲህ ያለች ከተማ ገንዘቧን ስታወጣ ፊደልን መምረጧ አያስደንቅም። የጽሕፈቱ ጥራት ከብራና ወይም ከወረቀቱ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም (ናስን በእጅ መቀጥቀጥ ቀላል አይደለም) ምርጫው ግን አንድ ነው።

ዓመቱ ይዋሻልን?

አሁን ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ ቸኩለው የሚያልፉት ነገር ላይ ደረስን። “ገንዘቡ ላይ ዓመት ተጽፏል፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት ታሪክ ነው” ይላሉ። እስቲ እንፈትነው። 1248 ሂጅራ እ.ኤ.አ. 1832 እና 1833 ላይ ይውላል። በዚያን ጊዜ የሚገዛው አሚር አብዱልከሪም ነበረ። በርተን በ1855 የተቀበለው ግን አሚር አሕመድ ነው። ከ20 ዓመት በላይ አልፏል፤ ሁለት ጊዜ አሚር ተለውጧል፤ ገንዘቡ ግን አሁንም ገበያ ላይ ነው። ገንዘብ ልደቱን ይጽፋል እንጂ ዕድሜውን አይጽፍም። ዕድሜው የሚነበበው ከጽሑፉ ሳይሆን ከመፋቱ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ማርትሬዛን እንውሰድ፤ አባቶቻችን ጠገራ ብር የሚሏትን። በላይዋ ያለው ዓመት 1780 ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብሩ በዚያው መልክና በዚያው ዓመት ሲመታ ኖሯል፤ ዛሬም ቪየና ውስጥ ይመታል። ሐረር ውስጥ በአንድ ሱቅ ጠገራ ብር አይቶ “የ1780 ነው” ብሎ የሚደሰት እንግዳ የደራሲውን ስም በብዕር ስም ያሳሳተ አንባቢ ነው። ያቺ ብር የአያቱ ታናሽ ልትሆን ትችላለች።

ነገሩ በቀልድ ብቻ አያልቅም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የማርትሬዛን ማተሚያ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮማ ላይ ብሩን ማስመታት ጀመረ። ሕዝቡ የሚያምነው ገንዘብ ያ ስለነበረ፣ በዚያው ገንዘብ ስንቅም ሰውም ለመግዛት ነው። ጽሑፉ ያው፤ ሥዕሉ ያው፤ ዓመቱም ያው 1780። ደራሲው ግን ፋሽስት ነው። አንድን ድርሰት ከጽሑፉ በቀር ምንም ሳናይ እንተቸዋለን ለሚሉት ወንድሞቻችን ይህች ብር ጥሩ መልስ ትመስለናለች። ማን አሳተመው? ለማን? ለምን? ብሎ ያልጠየቀ ሐያሲ ከ1780ዋ ንግሥትና ከ1935ቱ ወራሪ መካከል አንዱን ከሌላው አይለይም።

ገበያተኛዋ ሐያሲ

ለመሆኑ እነዚህን ድርሰቶች በጥንቃቄ ያነበባቸው ማነው? ሊቅ እንዳይመስላችሁ። ገበያተኛ ነው። የጠገራ ብር ተቀባይ በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ሳይቀር እየቆጠረ፣ ነጥቡ ከደበዘዘ ወይም ከጎደለ ብሩን አልቀበልም ይል እንደነበረ የታወቀ ነው። እንግዲህ ፊደል ሳይቆጥር ነጥብ የቆጠረ አንባቢ ይህ ነው። እኛ ለፈተና ስንል አንድ ልብ ወለድ እንዲህ አድርገን አንብበን እናውቃለን?

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1891 ድረስ እየሄደ እየተመለሰ ሐረር ሲነግድ የሚቆጥረው ይህንኑ ጠገራ ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። 1000 ብር 28 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ ቡና ለመግዛት የሚወርድ ነጋዴ ገንዘቡን በኪሱ ሳይሆን በአጋሰስ ነው የሚያጓጉዘው። ግጥም የተወ ሰው ብር ሲቆጥር መኖሩን ብዙዎች እንደ ውድቀት ይተርኩታል። እኛ ግን ስለ ሐረር ስንጽፍ ራምቦን ማዕከል የማድረጉን ልማድ ብንተወው ደስ ይለናል። ከተማዋ የሱ ሕይወት መድረክ ብቻ አይደለችም፤ ብሩን ከእጁ እየተቀበሉ ነጥቡን የቆጠሩት ሰዎችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው።

ይኸው ገበያተኛ የምኒልክንም ብር ተችቶታል። በንጉሠ ነገሥት መልክና በአንበሳ ያጌጠው አዲስ ብር የማርትሬዛን ቦታ ወዲያው ሊወስድ አልቻለም፤ ሰዉ የለመደውን ጠገራ ማስበለጡን ቀጠለ። ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በአዋጅ ነው ጠገራ ከሕጋዊ ገንዘብነት የወጣችው። ከዚያም በኋላ ጨርሳ አልሞተችም፤ ቀልጣ አምባርና ድሪ ሆነች፣ ወይም እንዳለች በአንገት ተንጠለጠለች። አንድ ድርሰት ተቀባይነት የሚያገኘው በማዕረጉ ሳይሆን በአንባቢው እምነት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሁለት ገዢ፣ አንድ ስም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ለዚህ ጽሑፍ ብዕር ያነሳነውም ስለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 የግብጽ ጦር በራኡፍ ፓሻ እየተመራ ሐረርን ያዘ፤ አሚር መሐመድም ተገደሉ። ግብጾች አሥር ዓመት ገዝተው በ1885 ወጡ። የአሚርነቱን መንበር የያዙት አሚር አብዱላሂ እንደገና በከተማው ገንዘብ አስመቱ። በእስልምናው ዓለም ሥልጣን በሁለት ነገር ይታወጃል፤ በዓርብ ስብከት ስምን በማስጠራትና ገንዘብ በማስመታት። ስለዚህ ያ ገንዘብ መገበያያ ብቻ አልነበረም፤ “ተመልሰናል” የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሁለት ዓመት አልሞላም። በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ምኒልክ አሸነፉ፤ ሐረር በራስ መኮንን ሥር ገባች።

ቀጥሎ የመጣውን ልብ በሉ። በ1885 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. በ1892 እና 1893 ግድም፣ ሐረር ላይ በምኒልክ ዘመን የተመታ ገንዘብ አለ። ሰብሳቢዎች በመዝገባቸው የሚጠሩት በምን ስም ይመስላችኋል? መሐለቅ! ገዢው ተለወጠ፤ ፊደሉ ተለወጠ፤ የዘመን አቆጣጠሩ ከሂጅራ ወደ ዓመተ ምሕረት ዞረ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። ካዚኖው ባለቤት ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የድሮውን ፊሽ ሰባብሮ የራሱን ያትማል። ሐረር ላይ ግን አዲሱ ባለቤት የድሮውን ቃል ተውሷል።

ይህንን እንዴት እንተርጉመው? አንዱ “አያችሁ፣ ተዋሕደናል፤ ደስ የሚል ታሪክ ነው” ይላል። ሌላው “አያችሁ፣ አገሩን ወስዶ ስሙንም ወሰደ” ይላል። ሁለቱም ገንዘቡን ሳያነቡ ከያዙት መደምደሚያ ላይ ጽሑፍ የሚለጥፉ ናቸው። እኛ የምናየው ቀለል ያለም ጠንከር ያለም ነገር ነው። አሸናፊ ቢሆንም እንኳ ገበያ ላይ ሲቀርብ የገበያውን ቋንቋ መናገር አለበት። ጨለንቆ ላይ ሥልጣን በጦር ተለወጠ፤ የገንዘብ ስም ግን በጦር አይለወጥም። የሐረር ሕዝብ በዚያ ዘመን ብዙ ነገር አጥቷል፤ ያንን ደብቆ ስለ ስምምነት ብቻ መጻፍ ታማኝነት አይሆንም። ከተማዋ ተሸንፋ ዝም አለች ማለትም ታማኝነት አይሆንም፤ ቃሏን አሸናፊው ይዞት እናገኘዋለንና።

በነገራችን ላይ ይህ ዓይነቱ ንባብ ለሩቅ ዘመን ብቻ አይሠራም። በ1969 ዓ.ም. የወጡትን ሳንቲሞች አስቡ። የንጉሡ ራስ ወርዶ የአንበሳ ራስ ብቻ ቀረ፤ በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ ሕዝቡ ገባ። 25 ሳንቲሟ ላይ ክንዳቸውን ያነሱ ወንድና ሴት፣ 5 ሳንቲሟ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ 1 ሳንቲሟ ላይ በጥንድ በሬ የሚያርስ ገበሬ። በገበሬ ስም ብዙ በተነገረበት ዘመን ገበሬው የደረሰችው የመጨረሻዋ ትንሽ ሳንቲም ናት። የቀረጸው ሰው ሆን ብሎ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ድርሰቱ ግን ይህንን ይላል።

ሰብሳቢውና እኛ

እስካሁን ሰብሳቢን ጠቀስ አድርገን አልፈናል። ፍርድ እንስጥ። ሰብሳቢ ባይኖር ብዙ ነገር ቀልጦ በቀረ ነበር፤ ይህ ሐቅ ነው። ሐረር ውስጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በራሳቸው ቤት ጀምረው ያሰባሰቡት መጽሐፍ፣ ጌጣጌጥ፣ መሣሪያና ገንዘብ ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። አቶ አሕመድ ዘካሪያም የሐረርን ገንዘቦች የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አሳትመዋል። አንዱ ነገሩን ከመጥፋት አዳነ፤ ሌላው እንዲነበብ አደረገ። ለሁለቱም ምስጋና ይገባል።

የምንነቅፈው ሌላውን ዓይነት ሰብሳቢ ነው። እሱ ገንዘቡን ከስፍራው ነቅሎ ይገዛል፤ ከማን እጅ እንደወጣ፣ ከየት ቤት እንደተገኘ አይጠይቅም፤ ከዚያ ወልውሎ ያበራዋል። መወልወሉ ንጽሕና ይመስላል፤ በእውነቱ ግን መፋቅ ነው። የሰው ጣት በስንት ዓመት የጻፈውን ምልክት በአንድ ቀን ያጠፋል። ከስፍራው የተነቀለ ገንዘብም ከመጽሐፍ ተቀድዶ በነፋስ እንደሄደ ቅጠል ነው፤ ቃሉ አለ፣ ከፊቱና ከኋላው የነበረው ግን የለም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ይሁንና መሐለቅ ትንሽ ነው፤ በቀላሉ ከኪስ ውስጥ ይገባል። ሕጉን የሚያጸናው ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዋጋ ስንልም የሚሸጥበትን ብር አይደለም።

በየሙዚየሙ የሚታየው የገንዘብ አቀማመጥም ሂስ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በገዢ ተራ ይደረደርና ከሥሩ ስምና ዓመት ይጻፍበታል። ይህ የነገሥታት ዝርዝር እንጂ ታሪክ አይደለም። ስንት ያህል ይገዛ ነበር? ማን ይቀበለው ነበር? ማን ይከለከል ነበር? ከየትኛው በር ውጭ ዋጋ ያጣል? እነዚህ ያልተጠየቁበት መስታወት የባለ እንጨቱን ሰው በር ላይ አስቁሞ አሚሮቹን ብቻ የሚያስገባ መስታወት ነው።

ለኛስ ምን ይቀረናል? ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጆሮና ደብተር እንጂ። በየቤታችን በድሪ ላይ የተንጠለጠለች ጠገራ፣ በሳጥን ሥር የተረሳች ማርትሬዛ ወይም ሳንቲም አለች። ለዕረፍት ስንሄድ አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ “እማማ፣ ይህቺን ማን ሰጠዎት? በስንት ተመነዘረች? ምን ገዛችሁባት?” እንበል። ሐረር ያደጉት ጓደኞቻችን በሐረሪ፣ የገጠሩ ልጆች በኦሮምኛ፣ ሌላውም በየቋንቋው ይጠይቅ። መልሱ ይጻፍ፤ ገንዘቡ ግን ሳይወለወል በቦታው ይቆይ። ናሱን የሚገዛ ሰው ሁልጊዜ ይገኛል። ታሪኩን የሚያውቁት ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ እነሱ ካለፉ በኋላ መሐለቅ ቤቱ እንደፈረሰ ፊሽ ይሆናል፤ ስሙ ይነበባል፣ የሚመነዝረው ግን አይገኝም።